ከሥዕሉ ሥር የተቆፈረ አፈር የሥዕሉን ዕድሜ ይነግረናል?

ደቻቱ_ማዶ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ አጠገብ ስላለው የፖርክ-ኤፒክ ዋሻ በየገጹ የሚጻፈው እርስ በርሱ አይገጥምም። አንዱ «የ40,000 ዓመት ቀለም የተገኘበት» ይላል፤ ሌላው «የ5,000 ዓመት ሥዕል ያለበት» ይላል፤ ሦስተኛው ሁለቱን ደባልቆ «የ40,000 ዓመት የዋሻ ሥዕል» ብሎ ያርፈዋል። ስለ ለገ ኦዳም እንደዚሁ ነው፤ ከከብቶቹ ሥዕል ፎቶ ግርጌ «16,000 ዓመት» የሚል ተለጥፎ ይታያል። የቱ ነው ትክክሉ? ቆፋሪዎች ከወለሉ ያገኙትን ዕድሜ ከግድግዳው ሥዕል ጋር የሚያገናኙትስ እንዴት አድርገው ነው? ሙያው ያላችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ብታስረዱን።

ሲባጎና_ቱንቢ ጻፈ፦

ሦስተኛው ስህተት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው።

ፖርክ-ኤፒክ ከድሬዳዋ በስተደቡብ፣ ከደቻቱ ወንዝ 140 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በኖራ ድንጋይ ገደል ላይ የሚገኝ ዋሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ አገኙት። በ1933 ቴያር ከፖል ቬርነርት ጋር ቆፈረ፤ የሰው መንጋጋ ቁራጭም ያኔ ወጣ። የግድግዳውን ሥዕል ያጠናው አንሪ ብሩይ ነው። ትልቁ ቁፋሮ ግን የመጣው ዘግይቶ ነው፤ በ1974 በዴዝሞንድ ክላርክ፣ በ1975 እና በ1976 ደግሞ በኬኔት ዊሊያምሰን።

ከዚያ ቁፋሮ የወጣው ለቀለም የሚሆን ቀይ አፈር ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ በአንድ ሲቆጠር 4,213 ቁርጥራጭ ሆነ፤ ሲመዘን 40 ኪሎ ገደማ። ቀለም የተፈጨባቸው 21 ድንጋዮችም አብረው አሉ። እነዚህ ሁሉ የወጡት ከመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ንብርብር ነው። «40,000» የሚባለው እንግዲህ የዚህ ንብርብር ዕድሜ ነው፤ ወለል ላይ የተፈጨ ቀለም ዕድሜ ማለት ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው። «5,000» የተባለውም ቢሆን ቀለሙ ተለክቶ አይደለም፤ ከአሣሣሉ ዘይቤና ከብት በአካባቢው ከታየበት ዘመን ተነሥቶ የተገመተ ነው። ቀይ አፈር ደግሞ ግድግዳ ለመሳል ብቻ አይፈጭም። ለገላ መቀቢያ፣ ለቆዳ ማልፊያ፣ ድንጋይን ከእንጨት እጀታ ጋር ለሚያጣብቅ ሙጫ ማጠንከሪያም ይሆናል። ወለሉ ላይ ቀለም መኖሩ ከላይ ያለው ሥዕል የዚያ ዘመን ነው ለማለት አያበቃም።

ለገ ኦዳም ያው ነው። ከድሬዳዋ ደቡብ ምዕራብ ያለ፣ 70 ሜትር ገደማ የሚረዝም የአለት ጥላ (ከተንጠለጠለ አለት ሥር ያለ መጠለያ) ነው፤ ፓቬል ቼርቪቼክ ወደ 600 የሚጠጉ ምስሎች መዝግቦበታል። ክላርክ ሲቆፍረው ደቃቅ የድንጋይ መሣሪያ ካለበት ንብርብር 16,000 ዓመት አካባቢ የሚያደርስ ዕድሜ አገኘ። ግድግዳው ላይ ያሉት ግን በአብዛኛው ከብቶች ናቸው፤ ያውም የቤት ከብቶች፣ ጡታቸው ሳይቀር የተሳለ። በአፍሪካ ቀንድ አገሮች የቤት ከብት አጥንት በቁፋሮ የሚገኘው ካለፉት 5,000 ዓመታት ወዲህ ካለ አፈር ነው። 16,000 ዓመት የሆነው አፈር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ላም አያውቁም።

ዳጉሳ ጻፈች፦

ለዚህ መልስ ጥቂት ልጨምርበት። ከወለል ወደ ግድግዳ የሚያሻግር ድልድይ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም፤ አለ፣ ግን ጥቂት ነው።

አንደኛው የወደቀ ስንጣሪ ነው። ግድግዳው ወይም ጣሪያው ሲላጥ ሥዕል ያለበት ቅራፊ ወለሉ ላይ ይወድቅና አፈር ይለብሳል። የሸፈነው አፈር 3,000 ዓመት ከሆነው ሥዕሉ ከ3,000 ዓመት አያንስም፤ ምን ያህል እንደሚበልጥ ግን አይነግርህም። ሁለተኛው ግድግዳውን ራሱን የሸፈነ አፈር ነው። የወለሉ አፈር ከፍ እያለ መጥቶ የሥዕሉን የታችኛው ክፍል ከቀበረው የአፈሩ ዕድሜ ታናሽ ድንበር ይሆናል። ተቃራኒውም አለ፤ ሥዕሉ ያለበት ገጽ ከትልቅ ናዳ በኋላ የተከፈተ ከሆነና የናዳው ድንጋይ ወለሉ ላይ ያረፈበት ንብርብር ከታወቀ ሥዕሉ ከዚያ ሊበልጥ አይችልም። ሁለቱም ድንበር በአንድ ዋሻ ሲገኝ ዕድል ነው።

ሁሉም የሚጠቅሰው ምሳሌ የናሚቢያው አፖሎ 11 ዋሻ ነው። ጀርመናዊው ቬንት በ1969 ሲቆፍር አፖሎ 11 ከጨረቃ እየተመለሰች ስለነበር ስሙን ከዚያ ወሰደ። ሰባት ሥዕል የተሳለባቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች የተገኙት ንብርብሩ ውስጥ ነው፤ በዙሪያቸው የነበረው ከሰል ሲለካ ወደ 30,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ሰጠ። እነዚያ ግን ከግድግዳ የተላጡ ሳይሆኑ ሰው በእጁ ይዞ የሳለባቸው ተንቀሳቃሽ ድንጋዮች ናቸው። ከዋሻው ግድግዳ ሥዕል ጋር እነሱንም መደባለቅ አይገባም።

ደቻቱ_ማዶ ጻፈ፦

ገባኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ይህን ሁሉ ከመድከም ከቀለሙ ላይ ቆንጠር አድርጎ ካርበን 14 ማስለካት አይቀልም?

ቀይ_አፈር ጻፈ፦

አይቀልም፤ ብዙ ጊዜም አይቻልም። ካርበን 14 ዕድሜ የሚለካው በሕይወት ከነበረ ነገር በቀረ ካርበን ነው። ቀዩ ቀለም ሄማታይት ነው፤ የብረትና የኦክስጅን ውሁድ። ካርበን የለውም። ቢጫው ጌታይት ነው፤ እሱም የለውም። ነጩ ብዙውን ጊዜ ሸክላ አፈር ወይም ኖራ ነው፤ ኖራው ካርበን ቢኖረውም የድንጋዩ እንጂ የሰዓሊው አይደለም። በካርበን 14 ሊለካ የሚችለው ጥቁሩ ነው፤ እሱም ከሰል ከሆነ ብቻ። የማንጋኒዝ ጥቁር ከሆነ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ። ስለዚህ ማንም ናሙና ከመቆንጠሩ በፊት በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መለኪያ ግድግዳው ላይ ሳያስነካ አቅርቦ ብረት ይሁን ማንጋኒዝ ይሁን ይለያል። ማንጋኒዝ ካሳየ ቁንጠራው ይቀራል።

ቀለሙን ያጣበቀው ወተት፣ ደም፣ ስብ ወይም የዛፍ ሙጫ ካርበን ይኖረዋል የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ ነበረው። ፀሐይና ነፋስ በሚያገኘው አለት ላይ ግን ከሺህ ዓመታት በኋላ የሚቀረው በጣም ጥቂት ነው፤ በላዩ ደግሞ የባክቴሪያ፣ የፈንገስ፣ የእረኛ እሳት ጭስና የጎብኚ እጅ ወዝ ተጨምሮበታል። የሚለካው የማን ካርበን እንደሆነ አይታወቅም።

ብክለት በዕድሜ ላይ የሚያደርገውን በቁጥር ልንገርህ፦ እውነተኛ ዕድሜው 40,000 የሆነ ናሙና ውስጥ 1 በመቶ የዛሬ ካርበን ቢገባበት መሣሪያው 33,000 ገደማ ያነብልሃል። 4,000 ዓመት በሆነው ላይ ያው 1 በመቶ የሚያዛባው ጥቂት አሥርት ዓመታት ብቻ ነው። ወደ ኋላ በሄድክ ቁጥር ቅንጣት ቆሻሻ ትልቅ ውሸት ታወራለች።

ሌላው መንገድ ሥዕሉ ላይ ወይም ከሥዕሉ ሥር የተፈጠረ ነገርን መለካት ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ የኖራ ድንጋይ አገር ውሃ ሲንጠባጠብ ቀጭን የካልሳይት ቅርፊት ይፈጥራል፤ ዩራኒየሙ ወደ ቶሪየም የተለወጠበትን መጠን በመለካት የቅርፊቱ ዕድሜ ይገኛል። በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ሌያንግ ካራምፑዋንግ ላይ ቢያንስ 51,200 ዓመት የተባለው በዚህ መንገድ ነው፣ በ2024። ወጥመዱ ይኸውልህ፦ ቅርፊቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ከሆነ በኋላ የመጣ ውሃ ዩራኒየሙን አጥቦ ይወስደዋል፣ ቶሪየሙ ግን ይቀራል። ያን ጊዜ ዕድሜው ከእውነቱ በላይ ያረጃል። መፍትሔው አንድ ናሙና ወስዶ መርካት ሳይሆን ከላይ ወደ ሥር በቀጫጭኑ ከፋፍሎ መለካት ነው፤ ዕድሜው ወደ ቀለሙ በተጠጋ ቁጥር መጨመር አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተዘበራረቀ ናሙናው ይጣላል።

በአሸዋ ድንጋይና በግራናይት ላይ ካልሳይት እምብዛም ስለሌለ ሌላ ዘዴ ይፈለጋል። በአውስትራሊያ ኪምበርሊ የጭቃ ተርብ ቤት ተለክቷል፤ ከካንጋሮ ሥዕል በላይና በታች የነበሩ የተርብ ቤቶች ሥዕሉን ከ17,100 እስከ 17,500 ዓመት መካከል አስገቡት። የተርብ ቤት በእኛም ዋሻዎች ሞልቷል፤ አስጎብኚዎች ሥዕሉን አበላሸ ብለው በእንጨት ባይፍቁት።

ሲባጎና_ቱንቢ ጻፈ፦

ቀይ_አፈር ኬሚስትሪውን ጨረሰልኝ፤ እኔ ቁፋሮውን ልያዝ። ሥዕል ያለበት ዋሻ ቁፋሮ ከተራው የሚለየው የሥራው ግማሽ አካፋ ሳይነሣ ስለሚያልቅ ነው።

መጀመሪያ ግድግዳው በሙሉ በፎቶ ይመዘገባል፤ አንዱ ፎቶ ከሚቀጥለው ጋር ከ60 እስከ 80 በመቶ እየተደራረበ፣ ኢፍራኦ የሚባለው (በዓለም አቀፉ የአለት ሥዕል ድርጅቶች ፌዴሬሽን ስም የሚጠራው) የ10 ሴንቲሜትር መለኪያና የቀለም ካርድ በየምስሉ እየገባ። ይህ ሲያልቅ ቋሚ የልኬት ነጥብ ይተከላል። ነጥቡ ከዋሻው ውጭ በማይንቀሳቀስ ቋጥኝ ላይ ይሁን፤ ሥዕል ባለበት ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት ነውር ነው፣ ምንም ያህል ቢመች። ከዚያ ወለሉ በሲባጎ በ1 ሜትር በ1 ሜትር ካሬ ይከፈላል፤ አንዱ ጎን በፊደል፣ ሌላው በቁጥር ይሰየማል። ቶታል ስቴሽን (ርቀትና አንግል የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ሲባጎ፣ ቱንቢ፣ ውሃ ልክና ሜትር ትክክለኛ ሥራ ይሠራሉ፣ ነፋስ ሲባጎውን ካላወዛወዘው።

ጉድጓዱ የት ይሁን? ጀማሪ ምርጥ ሥዕል ካለበት ሥር ይጀምራል። ልምድ ያለው ከግድግዳው ወደ ውጭ በቀጥታ የሚዘረጋ ቦይ ያሰምራል፤ ከግድግዳው ግርጌ ተነሥቶ የጣሪያውን የጠፈጠፍ መስመር (ዝናብ ከጣሪያው ጫፍ የሚንጠባጠብበትን) አልፎ የሚሄድ። ቁፋሮውን ግን ከመሃል ይጀምርና ግድግዳውን የሚነካውን ካሬ መጨረሻ ያደርገዋል። ምክንያቱም የወደቀ ሥዕል የሚገኘው እዚያ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ንብርብሩን ከጎኑ ካለው ካሬ አንብቦ ሊያውቀው ይገባል። የጠፈጠፉ መስመር ላይ ያለው አፈር በዝናብ የታጠበና የተቀያየጠ ስለሆነ ለዕድሜ ናሙና አይታመንም።

አቧራ ዋናው ጠላት ነው። የደረቀ ዋሻ አፈር ግማሹ አመድ ነው፤ ሲነካ ይነሣና ሥዕሉ ላይ ያርፋል፣ ከጠዋት እርጥበት ጋር ይጋገራል። ወንፊቱ ነፋስ በሚሄድበት በኩል፣ ከዋሻው 20 ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጥ። በጉድጓዱና በግድግዳው መሃል ሸራ ይሰቀል፤ ሸራው ግድግዳውን ሳይነካ። ባልዲው እስከ አፉ አይሞላ።

አወራረዱ በተፈጥሮው ንብርብር ነው። ንብርብሩ ወፍራም ከሆነ በውስጡ በ5 ሴንቲሜትር እየላጡ ይወረዳል፤ ካሬውም በአራት ሩብ ይከፈላል። ሒሳቡ ይታወቅ፦ 1 ካሬ ሜትር በ5 ሴንቲሜትር ማለት 50 ሊትር አፈር ነው። ሲፈታ ስለሚነፋ በ10 ሊትር ባልዲ ስድስት ሰባት ይሆናል። ከዚያው ልጣጭ አሥር ባልዲ ከወጣ አንድ ሰው ከልኩ በላይ ወርዷል ማለት ነውና ወዲያው ሥራ ይቁም። የባልዲ ቆጠራ ርካሽ ተቆጣጣሪ ነው፣ ሁሌም ይሠራል።

ወንፊቱ ሁለት ድርብ ይሁን፤ ላይኛው 5 ሚሊሜትር፣ ታችኛው 2። በሰፊ ወንፊት ብቻ የነፋ ሰው የሰጎን እንቁላል ዶቃን፣ የአይጥ ጥርስንና ደቃቁን የባልጩት ስንጣሪ አብሮ ይደፋል። በውሃ ማጠብ የሚመጣው ስንጣሪው ሁሉ በደረቁ ከተለቀመ በኋላ ነው። የዘር ፍሬ ለማግኘት ከየንብርብሩ ከ10 እስከ 20 ሊትር አፈር ለብቻው ተለይቶ በውሃ ይንሳፈፋል።

አሁን ከግድግዳና ከጣሪያ ወደሚወድቀው ስንጣሪ። የጣሪያ ቅራፊ በአንድ ካሬ ውስጥ በመቶዎች ይወጣል፤ አብዛኛው ባዶ ድንጋይ ነው፤ ቆፋሪ ይሰለችና ወደ ጎን መወርወር ይጀምራል። ሥዕል የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ከመዳፍ የሚያንስ ቅራፊም ቢሆን ከመነሣቱ በፊት የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደሆነ ይታያል። ጠፍጣፋና ጠቆር ያለው ፊት የድሮው ግድግዳ ገጽ ነው፤ ሻካራውና ነጣ ያለው የተላጠበት ነው። ብዙውን ጊዜ ቀለሙ የሚተርፈው ገጹ ወደ ታች ተደፍቶ ሲወድቅ ነው፤ እግርና ውሃ አላገኘውማ። ስለዚህ ተገልብጦ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ ተደርጎ ይመረመራል። ቀይ ነጥብ ከታየ ብሩሽ የለም፣ ውሃ የለም፣ ጣትም የለም። በጠርዙ ተይዞ፣ ልኩና አቅጣጫው ተመዝግቦ፣ ቀለም የሌለው ስስ ወረቀት ላይ ገጹ ወደ ላይ ሆኖ በጠንካራ ሣጥን ይገባል። ገጹ ላይ የተጣበቀው አፈር ለብቻው አይፋቅ፤ ላቦራቶሪ የሚፈልገው ያንኑ ነው።

ወንፊት_2ሚሜ ጻፈ፦

በ5 ሴንቲሜትር መላጥን እንደ ደንብ ባታስተምሩት ደስ ይለኛል። ዋሻ ውስጥ ንብርብር ተዳፋት ነው፤ ወደ ግድግዳው ወይም ወደ ውጭ ያዘነብላል። ጠፍጣፋ ልጣጭ ሦስት ንብርብር ይቆርጥና በአንድ ከረጢት ያስገባል። የድሮ ስብስቦች ግማሹ ችግር ይኸው ነው፤ ከረጢቱ ላይ ጥልቀት አለ፣ ንብርብር የለም።

ሲባጎና_ቱንቢ ጻፈ፦

ለዚህ እኮ ነው «በንብርብሩ ውስጥ» ያልኩት ወንድሜ። መጀመሪያ አንዲት 1 በ1 የሙከራ ጉድጓድ፣ ጎኗን አንብቦ፣ ከዚያ ቀጣዩ ካሬ ተዳፋቱን ተከትሎ። ፖርክ-ኤፒክ ላይ ደግሞ አፈሩ በኖራ ተጣብቆ ድንጋይ የሆነበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ በመሮና በመዶሻ ስትወርድ ንብርብር መከተል በቃል እንጂ በተግባር ቀላል አይደለም።

ወንፊት_2ሚሜ ጻፈ፦

እሺ፣ እዚህ ላይ ተስማማን። አንድ ነገር ግን ጨምርበት፦ ጉድጓድ «አለት ደረሰ» ተብሎ ሲዘጋ አለቱ ብዙ ጊዜ ከጣሪያ የወደቀ ቋጥኝ ነው። ጠርዙን ፈልጎ ቀጭን ብረት በጎኑ መስደድ ነው፤ አፈር ካለ ይገባል። በቋጥኝ የቆመ ቁፋሮ ከሥሩ ያለውን ዘመን በሙሉ «የለም» ብሎ ይጽፋል።

የላይኛው የፍየል በጠጥ ንብርብርም ቸል አይባል። በረት የነበረ ዋሻ በጠጡ ውስጥ ለውስጥ ለቀናት ይጤሳል፤ ሲያልቅ ነጭ አመድ፣ ጥቁርና ቀይ ሰንበር ይተዋል። ጀማሪ ምድጃ ብሎ ይመዘግበዋል። ምድጃ ግን ዳር አለው፤ የበጠጥ ቃጠሎ ካሬውን ሙሉ ያዳርሳል።

ቀይ_አፈር ጻፈ፦

የእሳት ነገር ከተነሣ፦ ቢጫ ጌታይት ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሲደርስ ወደ ቀይ ሄማታይት ይለወጣል። ከበጠጥ እሳት ሥር የነበረ ቢጫ ድንጋይ ያለ ማንም እጅ ቀልቶ ይጠብቅሃል። ቀለሙ ብቻውን «ሰው ያዘጋጀው ቀለም» አያሰኝም። ማስረጃው የተፈጨበት ጠፍጣፋ ፊትና በአንድ አቅጣጫ የሄዱ ጭረቶች ናቸው። የፖርክ-ኤፒኩን 4,213 ቁራጭ አስተማማኝ ያደረገው ብዛቱ ብቻ አይደለም፤ የተፈጨበት ፊት ያላቸው ቁርጥራጮችና መፍጫዎቹ አብረው መገኘታቸው ነው።

ስለ 40,000ው ደግሞ፤ ክላርክ በዘመኑ የነበረው ዘዴ ባልጩት ከአየር እርጥበት ሲጠጣ የሚያበጀውን ልባስ ውፍረት መለካት ነበር፤ ከ60,000 እስከ 77,000 ገደማ ሰጠው። ልባሱ የሚወፍርበት ፍጥነት ግን በሙቀት ይለዋወጣል፤ ባልጩቱ ስንት ዓመት በምን ያህል ሙቀት እንደቆየ ካልታወቀ ቁጥሩ ይንሸራተታል። በኋላ የቀንድ አውጣ ክዳኖች (የቅርፊቱን አፍ የሚዘጉት) በካርበን 14 ተለክተው ነው 40,000 አካባቢ የተባለው። ከ400 በላይ የተበሱ ክዳኖች ወጥተዋል፣ ዶቃ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ተጽፏል። እዚህም ማስጠንቀቂያ አለ፦ የኖራ ድንጋይ የሚልስ የምድር ቀንድ አውጣ የሞተ ካርበን (ካርበን 14ቱ ያለቀ የድንጋይ ካርበን) ወደ ቅርፊቱ ስለሚያስገባ ዕድሜው ሊያረጅ ይችላል፣ ከመቶዎች እስከ ሦስት ሺህ ዓመት። 40,000 ላይ ብዙም አይጎዳም። የከብት ሥዕል ዘመን ላይ ቢሆን ግን ሁሉን ነገር ያበላሻል። ለዚያ ዘመን የተቃጠለ የእህል ዘር ወይም የሰጎን እንቁላል ይመረጣል፤ የግንድ ከሰል ራሱ ዛፉ በኖረበት ዕድሜ ያህል ያሳስታል።

ዳጉሳ ጻፈች፦

ዘር ሲባል ስሜን ያወጣሁበትን ጉዳይ ላንሣው። አክሱም አጠገብ ጎበድራ በሚባለው የአለት ጥላ ዴቪድ ፊሊፕሰን በ1974 ሲቆፍር የዳጉሳ ዘር አገኘ። ከዙሪያው ንብርብር ተነሥቶ ከ5,000 ዓመት በላይ ተገመተ፤ በዚህ ግምት ላይ ስለ ኢትዮጵያ እርሻ ጥንታዊነት ብዙ ተጻፈ። በኋላ ዘሩ ራሱ፣ ጥቂት ናሙና በሚበቃው በአዲሱ የካርበን 14 ዘዴ ሲለካ ከ1,000 ዓመት የራቀ ሆኖ አልተገኘም። ዘሩ ከላይ ወርዶ የገባ ነበር።

ምስጥ፣ አይጥ፣ ጃርት፣ የዛፍ ሥር፣ የደረቀ አፈር ስንጥቅ፤ ዘርን ከላይ ወደ ታች ለማውረድ ማንኛቸውም ይበቃሉ። ስለዚህ ጉድጓድ ውስጥ ጉድጓድ ከታየ፣ አፈሩ ለስላሳና ቀለሙ የተለየ ክብ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱ ተጠርጎ ይወጣል፤ ከረጢቱም ለብቻው ይጻፍበታል። ከዚያ ነው ንብርብሩ የሚነካው። የሚለካውም ዙሪያው ሳይሆን ነገሩ ራሱ ነው። ዛሬ ለአንድ ልኬት ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ከሰል በምቾት ይበቃል፤ የምስር ፍሬ ታህል ናት። ድሮ በግራም ይፈለግ ስለነበር ከሦስት አራት ቦታ የተለቀመ ከሰል ተደባልቆ ይላክ ነበር፤ የዚያ ዘመን ቁጥሮች በጥርጣሬ መነበብ ያለባቸው ለዚህ ነው። ናሙናው በንጹሕ ወረንጦ ተነሥቶ በፎይል ይጠቀለላል። ጥጥና ወረቀት ካርበን ናቸው፣ አይነኩትም።

ደቻቱ_ማዶ ጻፈ፦

የአሣሣል ዘይቤስ? ተፈጥሮውን የመሰለው የቀደመ፣ እንደ ምልክት የቀለለው የኋለኛ ነው የሚል ተደጋግሞ አነባለሁ።

ወንፊት_2ሚሜ ጻፈ፦

ግምት ነው። ደንብ አይደለም።

ዳጉሳ ጻፈች፦

ግምት ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም። በአንድ ግድግዳ ላይ ቀለም በቀለም ላይ ሲደራረብ የትኛው እንደቀደመ በአጉሊ መነጽር ይለያል፤ ይህ ማስረጃ ነው። ከብቶቹ ሻኛ የላቸውም፣ አካላቸው ከጎን፣ ቀንዳቸው ከላይ እንደታየ ሆኖ ይሳላል፤ ይህ ከሀረርጌ እስከ ሶማሊላንዱ ላስ ጌል፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ዓረቢያ ይገኛል፤ ቼርቪቼክ «ኢትዮ-ዓረባዊ» ብሎ የሰየመውም ለዚህ ነው። ሻኛ ያለው ከብትና ግመል ከላይ ተደርበው ሲገኙ ዘግይተው የመጡ እንስሳት ስለሆኑ ቅደም ተከተሉ ይጸናል። ችግሩ ያለው ከአንዱ ዋሻ የተገኘውን ቅደም ተከተል ሳይለኩ ሌላው ዋሻ ላይ መጫኑ ነው። አንድ እረኛ በአንድ ቀን ቆንጆ ላምም፣ በሁለት መስመር የቀለለችም ላም ሊስል ይችላል።

ግድግዳው_ደበዘዘ ጻፈ፦

በአስጎብኚነት የምንሠራ ሰዎች ጥያቄ አለን። ሥዕሉ ስለደበዘዘ ጎብኚ ፎቶ ሲያነሣ አይታይም፤ ውሃ ረጨት ሲደረግበት ግን ቁልጭ ይላል። ትንሽ ውሃ ምን ይጎዳል?

ቀይ_አፈር ጻፈ፦

በጣም ይጎዳል፤ በፍጹም አታድርጉት። ውሃው አለቱ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲደርቅ ጨው ይዞ ወደ ፊት ይመጣና ከቀለሙ ሥር ክሪስታል ይሠራል። ክሪስታሉ ሲያድግ ቀለሙን ይገፋዋል፤ ዛሬ ቁልጭ ያለው በጥቂት ዓመት ነጭ መጋረጃ ይለብሳል፣ ከዚያም ይላጣል። የድሮ ተመራማሪዎችም ውሃ ይረጩ ነበር፤ አንዳንዱ ግድግዳ የደበዘዘው በዚሁ ነው።

መፍትሔው ስልካችሁ ላይ አለ። ዲስትሬች የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ኢሜጅ-ጄ በሚባል የፎቶ መመርመሪያ ፕሮግራም ላይ በኮምፒውተር ይሠራል፣ ለስልክም የተዘጋጀ አለው። ተራ ፎቶ ታነሣና ቀለሙን ያራርቀዋል፤ ለቀይ ኤል-አር-ኢ ወይም ዋይ-አር-ኢ የሚባለውን ምርጫ፣ ለቢጫ ኤል-ዋይ-ኢን ሞክሩ። ፎቶው ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩ በሚችለው ትልቅ መጠን ይነሣ። የታመቀና በቴሌግራም የተላከ ፎቶ አይሆንም፤ ማመቁ ራሱ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ይፈጥርና «አዲስ ሥዕል አገኘን» ያሰኛል። የብረት ዝገት ያለበት አለትም ሁሉ ይቀላል። ስለዚህ በስክሪን የታየውን ሄዶ በዓይን ግድግዳው ላይ ማመሳከር ግድ ነው።

ግድግዳው_ደበዘዘ ጻፈ፦

እናመሰግናለን። ከግድግዳው ተላጥቶ የወደቀ ሥዕል ያለበት ድንጋይ ቢያጋጥመንስ? እንዳይሰረቅ ማንሣት ይሻላል ወይስ መተው?

ሲባጎና_ቱንቢ ጻፈ፦

መተው። የወደቀበት ቦታና የተደፋበት አኳኋን ግማሹ መረጃ ነው፤ ከላይ ዳጉሳ እንዳለችው ወደ ዕድሜ የሚያደርሰው ድልድይ እሱ ነው። ከአጠገቡ ሜትር ወይም የሚታወቅ መለኪያ አድርጋችሁ ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አንሡ፤ አንዱ ፎቶ ከየት ግድግዳ እንደተላጠ እንዲያሳይ ይሁን፣ አዲስ የተላጠ ቦታ ከቀሪው ይነጣል። ቀኑንና የስልካችሁን የቦታ ልኬት መዝግቡ። ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ እነሱ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያደርሳሉ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘም የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ፍየል የሚያድርበት ቦታ ከሆነና እስከዚያ ድረስ ይሰበራል ብላችሁ ከፈራችሁ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሩለት፤ በላዩ አትጫኑ። ላስቲክ አታልብሱት፣ ከሥሩ ላብ ይይዛል። ጥጥም እንዲሁ፤ ክሩ ቀለሙ ላይ ይጣበቅና ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ይመጣል።